የዐረብኛ–ጣልያንኛ አስተርጓሚ ለሥነ ጽሑፍና ለሥዕል መድረክ፦ ከየት ይገኛል፣ በምን ይመዘናል?

ሐምራዊ ቀለም

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በዐረብኛ የሚጽፍ አንድ ሱዳናዊ ደራሲ ጣልያን ውስጥ በሚካሄድ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ላይ ሊቀርብ ነው። መድረኩ 75 ደቂቃ ነው። አወያዩ ጣልያናዊ፣ ታዳሚው 120 ሰው ገደማ ሲሆን ደራሲው በመሀል ሦስት ግጥሞች ያነባል። በማግስቱ ጋለሪ ውስጥ ከሠዓሊዎች ጋር የአንድ ሰዓት ጉብኝት አለ። አሥር ሳምንት ቀርቷል።

አስተርጓሚው ከየት ይገኛል? የሥነ ጽሑፍ ነገር የሚገባው መሆኑን በምን አውቃለሁ? አንድ ሰው ይበቃል ወይስ ሁለት? የልብ ወለዱ ጣልያንኛ ተርጓሚ ስላለች እሷኑ ብናስቀምጣትስ? ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ንገሩኝ።

ቱርጁማን

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ይበላሻልና። ተርጓሚና አስተርጓሚ ሁለት ሙያ ነው። ተርጓሚ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ ማታ የጻፈውን ጠዋት ይሰርዛል። አስተርጓሚ ያለው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ነው፤ ከአፉ የወጣውን መመለስ አይችልም። የመጽሐፉ ተርጓሚ ደራሲውን ከማንም በላይ ታውቀው ይሆናል፤ የማስታወሻ አያያዝ ካልሠለጠነች ግን የአራት ደቂቃ መልስ ሲመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ሌላም አለ፦ መጽሐፉን ስለምታውቅ ደራሲው ያላለውን ትጨምራለች፤ እሱ ሆን ብሎ ያንጠለጠለውን ትፈታዋለች። እሷን ስለ ትርጉም ሥራዋ የምትናገር እንግዳ አድርጋችሁ በራሷ ስም መድረክ ላይ አስቀምጧት።

ፍለጋውን ደግሞ ከደራሲው አንደበት ጀምሩ። «ዐረብኛ» ብቻ ብላችሁ አትፈልጉ። ልብ በመደበኛው ዐረብኛ «ቀልብ» ነው፤ እኛም «ቀልቤን ገፈፈው» የምንለው ያንኑ ቃል ነው። ሱዳናዊው «ገልብ» ይለዋል። ካይሮ ላይ የ«ቀ» ድምፅ ጉሮሮ ውስጥ ይቀርና «አልብ» ይሆናል። «ከልብ» ካለ ደግሞ ውሻ ማለቱ ነው። ደራሲ መድረክ ላይ በመደበኛው ይጀምራል፤ አዳራሹ ሲስቅለት ወይም ስለ እናቱ ሲጠየቅ ግን ወደ ቤቱ ቋንቋ ይገባል። አስተርጓሚ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው፤ የሚጠፋውም መልሱ ከሁሉ ይበልጥ በሚጥምበት ሰዓት ነው።

ሁለት ቃል ብቻ ላሳይ። ሱዳን ውስጥ «ቶብ» ሴት የምትጠቀለለው አራት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ጨርቅ ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ያው ቃል የወንድ ረጅም ቀሚስ ነው። የባሕረ ሰላጤውን ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ አስተርጓሚ የደራሲውን አያት የወንድ ልብስ አልብሷት ያርፋል። «ኸዋጃ» ደግሞ ሱዳን ላይ ነጭ የውጭ ሰው ማለት ነው፤ ሊባኖስ ላይ «አቶ» እንደማለት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ጣልያናዊ አወያይ ፊት ይህ ቃል መነሣቱ አይቀርም።

ስለዚህ የጥያቄያችሁ የመጀመሪያ መስመር «የሱዳን ንግግር የሚሰማ» ይሁን። እሱ ከጠፋ የላይኛው ግብፅን ንግግር የለመደ ጆሮ ይቀርባል። ዳሪጃን፣ የሞሮኮን የአፍ ዐረብኛ፣ ብቻ የለመደ ሰው ግን፣ ጣልያንኛው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ ሰው አይሆንም።

ዳር አንባቢ

በተርጓሚዋ ጉዳይ አልስማማም። ታዳሚው በእጁ የያዘው የእሷን መጽሐፍ ነው። ደራሲው አንድ ገጸ ባሕርይ ሲጠራ ጣልያንኛ መጽሐፉ ውስጥ በምን ስም እንደገባ የምታውቀው እሷ ናት። ሥልጠና ባይኖራት እንኳ ደራሲው በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ እንዲያቆም አስቀድሞ ቢነገረው ትወጣዋለች።

ቱርጁማን

ደራሲው በእርግጥ የሚያቆም ከሆነ ልክ ነህ። ጨዋታ የጀመረ ሰው በየዘጠና ሴኮንዱ ሲቆም ግን አይታይም፤ ደጋግሞ ያስቆሙት እንደሆነም መልሱ እያጠረ ይሄዳል። ያነሣኸው የስም ጉዳይ ግን ቁም ነገር ነው። መፍትሔው ተርጓሚዋ የአንድ ገጽ ዝርዝር አዘጋጅታ ለአስተርጓሚው እንድትሰጥ ነው፦ የገጸ ባሕርያት ስም፣ የቦታ ስም፣ በመጽሐፉ ውስጥ በዐረብኛ እንዳሉ የቀሩ ቃላት፣ የምዕራፍ ርእሶች፤ ሁሉም በሁለቱ ቋንቋ ጎን ለጎን። ለዚህ ሥራም ይከፈላት፤ በነጻ አይጠየቅም።

ብራና ፋቂ

ከየት ይገኛል ለሚለው። ጣልያን ውስጥ አስተርጓሚነት በመንግሥት መዝገብ የሚያዝ ሙያ አይደለም፤ በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ቁጥር 4 መዝገብ የሌላቸውን ሙያዎች በማኅበር በኩል ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «አስተርጓሚ ነኝ» ቢል የሚከለክለው የለም፤ ማጣራቱ በእናንተ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ የማኅበራት ማውጫ። በ1953 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጉባኤ አስተርጓሚዎች ማኅበር አይክ ማውጫው ለሁሉም ክፍት ነው፤ በቋንቋና በመኖሪያ ከተማ ማጣራት ይቻላል። ጣልያን ውስጥ አሶኢንተርፕሬቲ አለ፤ ተርጓሚዎችንና አስተርጓሚዎችን አንድ ላይ የያዘው አይቲም አለ። ዐረብኛና ጣልያንኛን አንድ ላይ የያዘ ሰው ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ አሥር ሳምንት ካላችሁ ዛሬውኑ ጻፉ።

ሁለተኛው መንገድ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የኔፕልሱ ሎሪየንታሌ ሥሩ 1732 ድረስ ይሄዳል፤ የቬኒሱ ካ ፎስካሪና የሮማው ሳፒየንሳ የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራሉ። ሮማ ውስጥ በ1921 የተመሠረተው በናሊኖ ስም የተጠራው የምሥራቅ ጥናት ተቋምም አለ። በሌላው አቅጣጫ፣ ካይሮ በሚገኘው የዐይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ የአል-አልሱን ፋኩልቲ የጣልያንኛ ክፍል አለው። እነዚህ ቦታዎች አስተርጓሚ ቀጥረው አይሰጧችሁም፤ መምህራኑን ግን «ይህን መድረክ የሚችል የትኛው ተማሪያችሁ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ማውጫ ላይ የሌለ ስም ታገኛላችሁ።

የትምህርት ማስረጃ ስታዩ ቁጥሩን አንብቡ። ጣልያን ውስጥ ኤል-12 የሦስት ዓመት የቋንቋ ሽምግልና ዲግሪ ነው፤ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ኤልኤም-94 በትርጉምና በአስተርጓሚነት የሁለተኛ ዲግሪ ነው። ኤልኤም-36 የአፍሪካና የእስያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ዲግሪ ነው። ኤልኤም-36 ያለው ግጥሙን ያውቀዋል፤ የአምስት ደቂቃ ንግግር ይዞ መመለስን ግን ላይማር ይችላል። ኤልኤም-94 ያለው ሙያው አለው፤ ስለ ዐረብ ልብ ወለድ ግን ምንም አንብቦ ላያውቅ ይችላል። ሁለቱን ያጣመረ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ለመድረክ ሙያው ያለውን ወስዳችሁ ንባብ ስጡት። ንባብ በአምስት ሳምንት ይሞላል፤ ሙያ አይሞላም።

አንድ ስሕተት በጣም ስለሚደጋገም ልብ በሉ። ጣልያን ውስጥ «የባህል ሸምጋይ» ተብለው በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በስደተኞች ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸው። ሥራቸው ከባድና የተከበረ ነው፤ መድረክ ላይ ግን ልማዳቸው ይጋጫል። ሸምጋይ ሁለት ወገን እንዲግባባ ሲል ያብራራል፣ ያለዝባል፣ ያሳጥራል። ደራሲ ሆን ብሎ የሻከረ ነገር ሲናገር መለስለስ የለበትም።

ሐምራዊ ቀለም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማውጫው ላይ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» የሚሉ ፊደላት አየሁ። ጣልያናዊ ይሻላል ወይስ ዐረብ? እንዴትስ ልፈትናቸው? ባለሙያን መፈተን ነውር እንዳይሆን ፈራሁ።

ቱርጁማን

«ኤ» የአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። «ቢ» ወደ እሱ መናገር የሚችለው፣ ግን የአፍ መፍቻው ያልሆነ። «ሲ» የሚሰማው ብቻ፤ ወደ እሱ አይተረጉምም። እናንተ የምትፈልጉት በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ነው፤ ስለዚህ አንዱ «ኤ» ሌላው «ቢ» መሆን አለበት። «ጣልያንኛ ኤ፣ ዐረብኛ ሲ» የሚል ሰው ደራሲውን ለታዳሚው ግሩም አድርጎ ያሰማል፤ የአወያዩን ጥያቄ በደራሲው ጆሮ ማድረስ ግን የሥራ ድርሻው አይደለም።

ከሁለቱ የትኛው «ኤ» ይሁን? እኔ ጣልያንኛን እመርጣለሁ። 120 ሰው የሚሰማው ጣልያንኛውን ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ታዳሚ ደግሞ የግሥ አረባብ ስትዛነፍ ወዲያው ይሰማዋል። ግን ይህ ምርጫ የሚሠራው ጆሮው ሱዳንኛውን ከያዘ ብቻ ነው። ካልያዘ ዐረብኛ «ኤ» የሆነውን ውሰዱ፤ ያልሰሙትን አሳምሮ መናገር አይቻልምና።

መፈተን ነውር አይደለም፤ አክብራችሁ ካደረጋችሁት ባለሙያው ራሱ ደስ ይለዋል። የአሥራ አምስት ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ ይበቃል። ደራሲው ለቴሌቪዥን ወይም ለሬዲዮ ከሰጠው ቃለ ምልልስ የሦስት ደቂቃ ቁራጭ ምረጡ፤ የግድ ዘና ብሎ ያወራበት ይሁን። ሳታቋርጡ አሰሙትና ወደ ጣልያንኛ ይመልስ። ከዚያ አወያዩ ከጻፋቸው ጥያቄዎች ረጅሙን በጣልያንኛ አንብቡለትና ወደ ዐረብኛ ይውሰደው።

የምታዳምጡት አራት ነገር ነው። «እኔ» ብሎ ይናገራል ወይስ «ደራሲው እንደሚለው» ይላል? «እንደሚለው» የሚል ሰው መድረክ አልለመደም። የሰው ስምና ዓመተ ምሕረት ተርፏል? «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ቢሆንም» የሚሉት ማያያዣዎች በቦታቸው አሉ? ዐረብኛ ተናጋሪ ሐሳቡን በ«ወ» እያያያዘ ስለሚሄድ ደካማ አስተርጓሚ ሁሉንም በ«እና» ይሰካውና ክርክሩ ዝርዝር ይሆናል። አራተኛው ዋነኛው ነው፤ ያልገባው ቃል ሲመጣ ምን አደረገ? «ይህ ቃል አልገባኝም» ካለ ያዙት። የመሰለውን ተክቶ በልበ ሙሉነት ካለፈ ተዉት።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ፦ «ደራሲው ድንገት ግጥም ቢያነብ ምን ታደርጋለህ?» «እተረጉማለሁ» ካለ ጥርጣሬ ይግባችሁ። «ጽሑፉ አስቀድሞ ከደረሰኝ፣ የታተመም ትርጉም ካለ…» ብሎ የጀመረ ሰው የሚሠራውን ያውቃል።

የድምፅ ክፍል

አንድ ወይስ ሁለት ለሚለው፣ መልሱ በአተረጓጎሙ ላይ የተመሠረተ ነው። ተናጋሪው እያወራ ሳለ ከቡዝ፣ ድምፅ ከማያስገባ ትንሽ ክፍል፣ ውስጥ የሚደረገው ሳይመልታኒየስ ከሆነ ሁለት አስተርጓሚ የግድ ነው፤ በየ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀያየራሉ። አንድ ሰው ብቻውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ መዝለል ይጀምራል፤ መዝለሉንም ራሱ አያውቀውም።

ተንቀሳቃሽ ቡዝ ለሁለት ሰው ቢያንስ 1.60 ሜትር ስፋት፣ 1.60 ጥልቀት፣ 2 ሜትር ቁመት ይፈልጋል፤ መስፈርቱ አይሶ 4043 ነው። መድረኩን በቀጥታ የሚያይ ቦታ ላይ ይቁም። ድምፁ ከማይክሮፎኑ በገመድ ወደ አስተርጓሚው ጆሮ ይግባ እንጂ ከአዳራሹ ስፒከር አይሰማ። ትርጉሙ የሚሰማባቸውን መቀበያዎች ቁጥር ከታዳሚው አሥር በመቶ አስበልጡ፤ ባትሪ ያልቃል፣ ማዳመጫ ይሰበራል።

ፌስቲቫሉ ግቢ ወይም አደባባይ ላይ ከሆነ ኢንፍራሬድ መቀበያ አትከራዩ። የፀሐይ ብርሃን ምልክቱን ይሸፍነዋል፤ ከሰዓት በኋላ ታዳሚው ማዳመጫውን እያወለቀ «አይሠራም» ይላችኋል። በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራውን ጠይቁ።

ለእኔ 75 ደቂቃ ላለው መድረክ ሳይመልታኒየስ ይሻላል። ጊዜ አይባክንም።

ቱርጁማን

በዚህ እለያለሁ። ለሥነ ጽሑፍ መድረክ ተናጋሪው ሲያቆም የሚደረገው ተከታታይ ትርጉም ይበልጣል። ታዳሚው ዐረብኛ ባይሰማም የደራሲውን ድምፅ፣ ዝምታውንና ፈገግታውን ሊሰማና ሊያይ ነው የመጣው፤ ማዳመጫ ካደረገ የሚሰማው የአስተርጓሚውን ድምፅ ብቻ ነው።

የጊዜው ስሌት ግን በግልጽ ይቀመጥ። ከ75ቱ ደቂቃ 5 ለመግቢያ። ሦስቱ ግጥሞች በሁለት ቋንቋ ሲነበቡ 12 ገደማ ይወስዳሉ። አወያዩና ታዳሚው 18 ደቂቃ ቢናገሩ፣ ያ በሹክሹክታ ለደራሲው ስለሚተረጎም ተጨማሪ ጊዜ አይበላም። 40 ይቀራል፤ መልሱ ሁለት ጊዜ ስለሚነገር ደራሲው በራሱ አንደበት የሚያወራው 20 ደቂቃ ነው። አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ ማለት ነው። አወያዩ አሥራ አምስት ጥያቄ ጽፎ ከመጣ ቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ መሀል ላይ መጣደፍ ይጀምርና አስተርጓሚውን «አሳጥር» ማለት ይመጣል። «አሳጥር» የተባለ አስተርጓሚ መጀመሪያ የሚቆርጠው ምሳሌውንና ቀልዱን ነው፤ በታዳሚው ልብ የሚቀረው ግን እሱ ነበር።

በዚህ መንገድ አንድ ብርቱ ሰው ይበቃል። ከደራሲው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ የራሱ ማይክሮፎን፣ የሚጽፍበት ጠረጴዛና ውኃ ይኑረው። ያው ሰው ከመድረኩ በኋላ እራት ላይም ያስተርጉም ብሎ መጨመር ግን ጭካኔ ነው።

የድምፅ ክፍል

20 ደቂቃው አሳማኝ ነው። ደራሲው ጨዋታ አዋቂና ፈጣን ከሆነ ግን ሐሳቤን አልቀይርም፤ ቃለ ምልልሱን እዩና ወስኑ።

ብራና ፋቂ

አሁን ወደ ንባቡ። ለአስተርጓሚው ምን ይላክ? ልብ ወለዱ በሁለቱም ቋንቋ፣ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ። ሁለት ሦስት ቃለ ምልልስ። የሚነበቡት ግጥሞች፣ ዐረብኛው አናባቢ ምልክት የተደረገበት። ዐረብኛ በተለመደው አጻጻፍ አናባቢውን አይጽፍም፤ «ዐ-ለ-መ» የሚሉት ሦስት ፊደላት «ዒልም» ተብለው ሲነበቡ እውቀት፣ «ዐለም» ተብለው ሲነበቡ ባንዲራ ናቸው። የእኛ ፊደል አናባቢውን ስለሚሸከም ይህ ችግር አይታየንም። በግጥም ውስጥ ዐውዱ ራሱ ጠባብ ስለሆነ አስተርጓሚው በፍጥነት ሲያነብ እውቀቱን ባንዲራ ያደርገዋል።

የሥነ ጽሑፍ ቃላት ውስጥ ወጥመድ የሆኑ አሉ። ዐረብኛው «ሪዋያ ቀሲራ» ሲል ከአጭር ልብ ወለድ የሚረዝም፣ ከረጅሙ የሚያጥር ልብ ወለድ ነው፤ ጣልያንኛው «ሮማንዞ ብሬቬ» ነው። ብዙ ሰው «ኖቬላ» ይለዋል። ጣልያንኛ «ኖቬላ» ግን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ አጭር ትረካን የሚጠራበት ቃል ነው፤ ታዳሚው ሌላ ነገር ያስባል።

ከዚህ የከፋው «ሺዕር ሑር» ነው፤ ቃል በቃል «ነጻ ግጥም»። አስተርጓሚው ወዲያው «ቬርሶ ሊቤሮ» ይላል፤ ጣልያናዊውም ልክ፣ ማለትም የተመጠነ ምት፣ የሌለው ግጥም ይመስለዋል። ባለቅኔዎቹ ናዚክ አል-መላኢካና በድር ሻኪር አስ-ሰያብ በ1947 ኢራቅ ውስጥ ያነሡት ሺዕር ሑር ግን ልክን አልጣለም፤ በየመስመሩ የሚደጋገመው የልክ አሃድ «ተፍዒላ» አለ፣ የሚለዋወጠው በአንድ መስመር ስንት እንደሚሆን ነው። ልክ የሌለውን ዐረቦች «ቀሲደት አን-ነስር» ይሉታል፣ የስድ ንባብ ግጥም። ደራሲው «እኔ ሺዕር ሑርን ትቼ ወደ ቀሲደት አን-ነስር ሄድኩ» ቢልና አስተርጓሚው ሁለቱንም «ነጻ» ቢላቸው ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም አልባ ይሆናል። አስተርጓሚው በመጀመሪያው ጊዜ አምስት ቃል ጨምሮ «በልክ አሃድ የሚሄደው ነጻ ግጥም» ቢል ከዚያ በኋላ በዐረብኛ ስሙ መቀጠል ይችላል።

«ተውሪያ» የሚባለው የዐረብኛ የንግግር ጌጥ ለእኛ ሰምና ወርቅ ነው፤ አንድ ቃል፣ ቅርብ ትርጉምና የተደበቀ ትርጉም። በቃል ትርጉም ሁለቱን ማውጣት አይቻልም። ጥሩ አስተርጓሚ ወርቁን ሰጥቶ «በዐረብኛው ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው» ብሎ ያልፋል። ደራሲው የቃላት ጨዋታ የሚወድ ከሆነ ይህን አሠራር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

የመጽሐፍ ርእስ ቃል በቃል አይተረጎምም፤ በጣልያንኛ የታተመበት ርእስ ይጠራል። የግብፃዊው ደራሲ የነጊብ ማሕፉዝ «አውላድ ሓረቲና»፣ «የሰፈራችን ልጆች» እንደማለት ሲሆን በጣልያንኛ የወጣው «ኢል ሪዮኔ ዴይ ራጋዚ» ተብሎ ነው፤ «የልጆቹ ሰፈር» ማለት ነው። አስተርጓሚው ቃል በቃል ከተረጎመው ታዳሚው ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሐፍ አያውቀውም። አወያዩ የሚያነሣቸውን ደራስያን ጠይቃችሁ ዝርዝሩን በሁለት ቋንቋ ሥሩ። ሱዳናዊ ደራሲ ፊት ታዋቂው የአገሩ ልብ ወለድ ጸሐፊ ጠይብ ሷሊሕ መነሣቱ አይቀርም። አወያዩ ጣልያናዊውን ባለቅኔ ዳንቴን ከጠቀሰም ሐሰን ዑስማን ወደ ዐረብኛ የመለሰው አለ፤ የሚጠቀሰውን መስመር ከዚያ ቀድሞ ማግኘት ይቻላል።

ነጭ ሸራ

ስለ ጋለሪው ማንም አላነሣም። ለጉብኝት ቡዝ አይሆንም። ለአስጎብኚ የሚሠራውን ትንሽ ማይክሮፎንና የጆሮ መቀበያ ተጠቀሙ፤ አስተርጓሚው ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል፣ ሌላ ጎብኚ አይረበሽም። አንድ ሰዓት ቆሞ እየተራመደ የሚሠራ ስለሆነ መሀል ላይ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ይኑር። ከሥዕሎቹ ጎን የሚለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ ቀድሞ ይላክለት።

የሱዳን ሥዕል ካነሣችሁ ሁለት ቃል ላይ ተጠንቀቁ። በዐረብኛ «ለውሓ» የተሣለ ሥዕል ነው። «ሎሕ» ደግሞ የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ የእኛው ሉሕ። በ1930 ኦምዱርማን የተወለደው ኢብራሂም አስ-ሰላሒን የመሰሉ የካርቱም ሠዓልያን ፊደልን ወደ ሸራ ሲያመጡ ከጀርባው ያ ሰሌዳ አለ። አስተርጓሚው «ኳድሮ» ካለው ታዳሚው ሥዕል ይመስለዋል፤ «ታቮሌታ ኮራኒካ» ሲል ነው ነገሩ የሚበራው።

«ሑሩፊያ»ንም «ካሊግራፊያ» እንዳይለው። ካሊግራፊ ኩፊ፣ ነስኽ፣ ሡሉስ እያለ የራሱ ሕግ ያለው የአጻጻፍ ጥበብ ነው። ሑሩፊያ ፊደሉን እንደ ቅርጽ ወስዶ ሥዕል የሚሠራበት ነው፤ የግድ አይነበብም። ይህን ካላወቀ፣ ጎብኚው «ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቅ ሠዓሊው «ምንም አይልም» ይላል፤ ትርጉሙም እንደ ንቀት ይሰማል።

ሌላ፣ ጣልያን ውስጥ አስጎብኚነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በ2023 ሕግ ቁጥር 190 ወጥቶለታል። አስተርጓሚው የጋለሪውን ሰው ወይም የሠዓሊውን ቃል ይተርጉም እንጂ ስለ ሥራዎቹ በራሱ አያስረዳ።

ደረሰኝ

ውሉ ላይ እነዚህ ይግቡ፦ ቀንና ሰዓት፣ የአተረጓጎሙ ዓይነት፣ አቅጣጫዎቹ፣ ጽሑፍ የሚደርስበት የመጨረሻ ቀን፣ ጉዞና ማደሪያ በማን እንደሚሸፈን፣ ቢሰረዝ ምን እንደሚከፈል። ቀረጻና የቀጥታ ሥርጭት ካለ ለብቻው በጽሑፍ ይፈቀድ፤ ለአዳራሽ የተነገረ ድምፅ ኢንተርኔት ላይ ለዘላለም ሲቀመጥ ሌላ ነገር ነው።

ከፋዩ የጣልያን ድርጅት ከሆነ ከአስተርጓሚው ክፍያ 20 በመቶ «ሪተኑታ ዳኮንቶ» ቀንሶ ራሱ ለመንግሥት ያስገባል። 1000 ዩሮ ከተስማማችሁ በእጁ የሚገባው 800 ነው፤ ይህን ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ቅሬታ ይወልዳል። «ፎርፌታሪዮ» በሚባለው ቀላል የግብር ሥርዓት ውስጥ ያለ ሰው ይህ አይቀነስበትም፣ 22 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ኢቫንም አይጨምርም፤ ደረሰኙ ከ77.47 ዩሮ ካለፈ የ2 ዩሮ ቴምብር ብቻ አለ። ነዋሪነቱ ከጣልያን ውጭ የሆነ ሰው ላይ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ በአገሮቹ መካከል የታክስ ስምምነት ካለ ሊቀር ይችላል፣ ወረቀቱ ግን ከክፍያው በፊት መቅረብ አለበት።

የታተመ የግጥም ትርጉም መድረክ ላይ ስታነቡ ወይም ስክሪን ላይ ስታሳዩ ፈቃድ ጠይቁ። በ1941 የወጣው የጣልያን የቅጂ መብት ሕግ ቁጥር 633 ትርጉምን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ይጠብቃል፤ ደራሲው «እሺ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። አሳታሚውን ጻፉለት።

ሐምራዊ ቀለም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ቀረኝ። የግጥሞቹን ዐረብኛ ስክሪን ላይ ስናወጣው ፊደሎቹ ተበታትነው ይታያሉ። ሱዳንኛ የሚሰማ ጣልያንኛ አስተርጓሚ ጨርሶ ቢጠፋስ? ደራሲውስ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ግጥም ቢያነብ?

የድምፅ ክፍል

ለፊደሉ፦ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ፊደሎቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ፕሮግራሙ ዐረብኛን የማይደግፍ ከሆነ ይለያያቸውና በግልባጭ ይደረድራቸዋል፤ ዐረብኛ የማያነብ ቴክኒሻን ደግሞ ስሕተቱ አይታየውም። ጽሑፉ በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ፎንቱን ውስጡ ያካተተ ፒዲኤፍ ይሠራ፤ ያው ፒዲኤፍ በአዳራሹ ማሽን ላይ ይከፈትና ፎቶው ዐረብኛ ለሚያነብ ሰው ይላክ። ትርጉሙ ከሥር ሲወጣ በአንድ ጊዜ ሁለት መስመር፣ በአንድ መስመር 40 ፊደል ገደማ ይብቃው። አስተርጓሚው ከሩቅ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዋይፋይ ሳይሆን ገመድ፣ የስልክ ማይክሮፎን ሳይሆን በዩኤስቢ የሚሰካ ሄድሴት።

ቱርጁማን

ሰው ከጠፋ ቅብብል አለ፦ አንዱ ከዐረብኛ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ሌላው ከፈረንሳይኛ ወደ ጣልያንኛ። ለውይይት ይሠራል፤ ቀልድ ግን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ አያስቅም፣ መዘግየቱም ስለሚጨምር ታዳሚው ደራሲው ከሳቀ በኋላ ነው የሚስቀው። ከቅብብል በፊት ሌላ ሞክሩ፦ የግብፅ ጆሮ ያለው አስተርጓሚ ያዙና ከመድረኩ በፊት ከደራሲው ጋር አንድ ሰዓት ያውሩ። ስለ መጽሐፉ ባይሆን ይሻላል፤ ስለ ጉዞው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ምግብ ያውሩ። አስተርጓሚው በዚያ ሰዓት ውስጥ የማያውቃቸውን ቃላት እየጻፈ ይጠይቀው። ሰው የሚደጋግመው ያንኑ የራሱን ቃል ስለሆነ ያ ሰዓት ብዙ ያሻሽላል።

ዝርዝር ውስጥ ለሌለው ግጥም፦ ደራሲው ሲያነብ አስተርጓሚው ዝም ይበል። ሹክ አይበል፣ አይጻፍ፤ ሙሉው በዐረብኛ ይሰማ። ሲያልቅ በጣልያንኛ «ደራሲው ያልተተረጎመ ግጥም አነበበ፤ ስለ እንዲህ ያለ ነገር ነው» ብሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር። ከዚያ አወያዩ ደራሲውን አንድ ስንኝ መርጦ በተራ ንግግር እንዲያብራራው ይጠይቀው፤ ማብራሪያው ይተረጎማል። ይህንን ለአወያዩ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ ደራሲው አንብቦ ሲጨርስ ሁሉም ዞሮ አስተርጓሚውን ያየዋል፤ እሱም አፍሮ ግጥሙን ሊተረጉመው ይነሣል።

ሐምራዊ ቀለም

ለአወያዩ ዛሬ እጽፍለታለሁ። የጥያቄዎቹንም ቁጥር ወደ ስድስት እንዲያወርድ እነግረዋለሁ።